ሳትፍቀው አንብበው

ልጄ፣ ትናንት ማታ በስልክህ ያሳየኸኝ ፎቶ እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። ጎማው የሟሸሸ፣ መስታወቱ የረገፈ፣ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ የሚያድርበት ያ አሮጌ ዚል ለአንተ ብርቅ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የወጣትነቴ መልክ ነው። «ጋሼ፣ አስነሥቼው፣ አድሼው፣ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር አቆመዋለሁ፤ ልጅ አዋቂው እየመጣ ያየዋል» አልከኝ። ደስታህ ፊትህ ላይ ሲፈስ አየሁና መርቄህ ብቻ ተለያየን። ምርቃት ያለ ምክር ግን ጨው የሌለው ወጥ ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ይህን ጻፍኩልህ።

ከሁሉ በፊት ደስ እንዳለኝ እወቅልኝ። የእንዲህ ያለ መኪና መጨረሻ የታወቀ ነው። ቁራሌው ይመጣል፣ በኪሎ ይመዝናል፣ በኦክስጅን ይቆራርጣል፤ ከዚያ ቀልጦ ፌሮ ይሆንና በአንድ ፎቅ ኮለን ውስጥ ይቀበራል። ብረቱ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ የተሸከመው ታሪክ ግን የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። አንተ ጠየቅህ። ዓይን ያያል ይባላል እንጂ ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ አንተ በልብህ አየኸው። ይህን ስላየሁ ነው የምመክርህ፤ ለማይሰማ ሰው ቀለም አልፈጅም ነበር።

አሁን ያነሣኸው ምን እንደሆነ ልንገርህ። አገራችን አውቶሞቢልን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በክብር እንግድነት ተቀበለች። የጭነት መኪናን በብዛት ያወቀችው ግን በመከራ ነው። በ1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አስከትሎ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ዋና ከተማችን ገባ። ከጣሊያን ጋር ከመጡት መካከል ፊያት 634 አንዱ ነው፤ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ የሚያነሡት። አምስት ዓመት አልፎ ጠላት ሲወጣ መኪናው ቀረ። የቀረውን የእኛ ሰው ጠገነው፤ ቡና ጫነበት፣ እህል ጫነበት፣ መንገደኛ ጫነበት። ዛሬ ጋራዥ ስትገባ የምትሰማው ቋንቋ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ማኖቬላ፣ ቸርኬ። ሊገዛን የመጣው መኪና ሸክማችንን ተሸከመ፣ የመጣበት ቃልም የእጅ ሙያችን ሆነ።

ከዚያ አሜሪካኖች መጡ። በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት በኋላ ሠራዊቱ በአሜሪካ መኪና መንቀሳቀስ ጀመረ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ወዳጅ ተለወጠና ዚሉ፣ ኡራሉ፣ ጋዙ፣ ዋዙ ከሶቪየት ኅብረት መጣ፤ ኢፋው ከምሥራቅ ጀርመን መጣ። በእኔ ዕድሜ አገራችን ከማን ጋር እንደተወዳጀች ለማወቅ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልግም ነበር፤ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ጭነት መኪና መቁጠር ይበቃ ነበር።

ሐዋሳችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ራስ መንገሻ ስዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ፣ ከተማዋ ስትቆረቆር ቦታ ተሰጥቷቸው ከሰፈሩባት መካከል ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ። አባቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። በእጁ የያዘው አካፋ ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው ግን የጠመንጃ ማንገቻ ሰንበር ነበር። ከዚህ ብዙ በማይርቀው በአላባ ቁሊቶ ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ አፍሪካ ጦር ከጣሊያን ታንኮች ጋር ሲገጥም፣ ናይጅል ሊኪ የሚባል ሳጅን፣ የኬንያ ሰፋሪ ልጅ፣ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ተዋግቶ እዚያው ወደቀ፤ ከሞተ በኋላ እንግሊዞች ትልቁን ኒሻናቸውን ቪክቶሪያ ክሮስን ሰጡት። ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ስንቱ የጦር መኪና በዚህ መንገድ እንደወረደና ስንቱ እንዳልተመለሰ፣ የከተማችን ታቦር ተራራ አፍ ቢኖረው በነገረህ።

እንግዲህ የምክሬ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ ይህን ከያዝክ ሌላውን ብትረሳ አይቆጨኝም። ግቢህ ያስገባኸው ምስክር ነው። ምስክርን የሚያክም ሰው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ ያየውን እንዳይናገር አፉን አለመዝጋት፣ ያላየውንም እንዲናገር አለማስገደድ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አንተ የምትቀባው ቀለም ግን እንዳይጠራ ሊያደርገው ይችላል።

ከወረቀቱ ጀምር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ መኪና በወረቀት የማን ስም እንደያዘ ሳታውቅ አንድ ቡሎን እንዳትፈታ። የጦር መኪና ከሠራዊቱ እጅ በወግ የሚወጣው ከአገልግሎት ተሰናብቶ፣ በሐራጅ ተሽጦ ነው። የሸጠልህ ሰው የሐራጁን ደብዳቤና የከፈለበትን ደረሰኝ ያሳይህ። የሻንሲውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ራስህ በመብራት አንብበህ ከወረቀቱ ጋር አስተያይ። ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በፋይል እንዳትነካ፣ በብየዳም እንዳትሸፍን፤ የመኪና ጥምቀቱ እሱ ነው። ሊብሬው በስምህ ሳይዞር ገንዘብህን ብረት ላይ አታፍስስ። የሠራዊቱን ሰሌዳ፣ ዓርማና የደንብ ልብስ በተመለከተ ደግሞ «ለትርኢት ነው» የሚለው ቃልህ አይበቃም፤ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቀህ በጽሑፍ ፈቃድ ያዝ። ካልተፈቀደልህ ተወው። መኪናው ያለ ሰሌዳውም የጦር መኪና መሆኑን ይናገራል።

ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከወንበሩ ሥር፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከካሶኒው ጣውላ መሐል ምን እንደተረሳ አታውቅም። እኔ በዘመኔ ከመቀመጫ ሥር የወደቀ ጥይት ለቅሜአለሁ። ስለዚህ የብየዳ እሳት ከመጫርህ በፊት መኪናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንህ ፈትሸው። የማታውቀው ነገር ካየህ አትንካው፣ አትወርውረው፣ ልጆችን አርቅና ፖሊስ ጥራ። ድፍረት የሚባለው እንዲህ ባለ ቦታ ወደ ኋላ መራመድ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራው ትገባለህ። እዚህ ላይ ወጣት ሁሉ የሚስተውን ልንገርህ። ወጣት ሞተሩን ለማስጮህ ይቸኩላል፤ ሞተር ሲጮህ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጭብጨባ ይሆናል። አንተ ግን ከፍሬኑ ጀምር። መሄድ የማይችል መኪና ማንንም አይገድልም፤ መቆም የማይችል ግን ይገድላል። የዚል ፍሬን የነፋስ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ኮምፕረሰር ነፋሱን ጋን ውስጥ ያጠራቅማል፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ነፋሱ ዲያፍራም የሚባለውን ጎማ ገፍቶ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ያ ጎማ በቆመበት ዓመታት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በዓይን ደህና ቢመስልህ አትመነው፣ ሁሉንም ለውጠው። ጋኑ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ብረቱን ከውስጥ በልቶታልና አስፈትሸው። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ነበር፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሰው የሚገድለው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በኮምፕረሰር እንዳትነፋው። አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ በውሃ አርጥበህ ጥረገው። ብዙ ባልንጀሮቼ ይህን ሳያውቁ በደረቁ ሲነፉት ኖረዋል፤ በስተርጅና ለዓመታት ሲያስላቸው ሰምቻለሁ።

ሞተሩ ተራው ሲደርስ ስታርተር አትንካ። ስምንቱንም ካንዴላ ፍታ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አንጠባጥብ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይደር። ከዚያ በማኖቬላ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረው። ከዞረ ተመስገን በል። ካልዞረ አታስገድደው፤ ተጨማሪ ዘይትና ተጨማሪ ቀን ስጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በጉልበት የዞረ ሞተር ፒስቶኑን ሰብሮ ቢየላውን አጣሞ ዕዳ ይሆንብሃል። የነዳጅ ጋኖቹን አውርደህ እጠብ፤ ዚል 131 እያንዳንዳቸው 170 ሊትር የሚይዙ ሁለት ጋን አለው፤ የቆየ ቤንዚን ደግሞ እንደ ሙጫ ሆኖ ታች ይቀመጣል። ይህ መኪና ሲነሣ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ስድስቱም ጎማው የሚገፋ ጎበዝ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን ነፋስ ቀንሶ ሰፊ እግር እንዲኖረው ያደርጋል፣ ሲወጣ መልሶ ይሞላዋል። ጎበዝነቱ ግን ቀለብ ይፈልጋል፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠጣል። ይህን አውቀህ ግባበት።

«ሞተሩን አውጥቼ የአይሱዙ ናፍጣ ሞተር ልግጠምበት» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ መካሪውም ብዙ ነው። እንጀራ ለሚበላበት ሰው አልፈርድበትም። አንተ ግን ለእንጀራ አላነሣኸውም። ልብ የተለወጠለት ምስክር የማንን ምስክርነት ይሰጣል? ችግር ካስገደደህም አሮጌውን ሞተር በዘይት ቀብተህ፣ ሸፍነህ፣ ከመኪናው ጋር አስቀምጠው፤ ከአንተ የሚሻል ልጅ ነገ ሊመልሰው ይችላል። ለአንድ መኪና ዕቃ ብለህ ሌላ ሊነሣ የሚችል መኪናን አትግደል። ከማይነሣው ግን ውሰድ፣ ከየት እንደወሰድክም ጻፍ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለአንድ በዓል ልድረስ ብለህ ሌሊትና ቀን ብትሠራው፣ በዓሉ ሳያልቅ መንገድ ላይ ይፈታብሃል። ቀን አትቁረጥለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ያውም እንቁላሉ ብረት ሲሆን።

ይህን ሁሉ ብቻህን አትችለውም፣ እችለዋለሁም አትበል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ ዚልና ኡራል በጨለማ ፈትተው የሚገጥሙ ሽማግሌዎች አሉ። ዛሬ በየደጃቸው ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ባጃጅ ሲያልፍ ያያሉ፣ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም። ሂድና ጠይቃቸው። ሁለት ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘህ ሂድ፤ ባዶ እጅህን የሽማግሌ ቤት አትግባ። የባቲላሜራውን ሰው፣ የቶርኖ ቤቱን ሰው፣ ጎሚስታውን በስማቸው እወቃቸው። ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ተማሪዎችም ሁለት ሦስቱን ጥራ፤ ካርቡራተር የሚባል ነገር በመጽሐፍ እንጂ በእጃቸው ዳስሰው ላያውቁ ይችላሉ። ሽማግሌው ሲናገር ተማሪው ይፍታ፤ አንተ ደግሞ በስልክህ ድምፁን ቅዳ። ከመኪናው ይልቅ ቶሎ የሚያልፈው ሽማግሌው ነውና።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ትልቅ ማኅበር ያለው ነው። አሜሪካኖች የጦር ተሽከርካሪ ጠባቂዎች ማኅበር ካቋቋሙ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ፈረንሳይ ውስጥ በኖርማንዲ በየዓመቱ ሰኔ መባቻ ገደማ ከየአገሩ የመጡ አሮጌ ጂፖችና ጭነት መኪኖች መንገዱን ይሞሉታል። እኛም አገር ለመኪና ፍቅር ባዳ አይደለንም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከአባቶቻቸው የወረሱትን ፎልስ እንደ ልጅ አጥበው፣ አስጊጠው የሚነዱ ሰዎች ሞልተዋል። ለፎልስ የተሰጠው ፍቅር ለዚህ ሸክም ለበላው ጎስቋላ ቢሰጠው ምን ይጎዳል?

አሁን ስለ ቤትህ። ይቅርታ አድርግልኝና እንደ አባት እገባበታለሁ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ አትሁን። ውጭ ያለው ሰው «እንዴት ያለ ባለሙያ ነው» ሲልህ፣ ቤት ውስጥ የልጅህ የትምህርት ቤት ክፍያ ካደረ ያ ሙገሳ እርግማን ነው። ከባለቤትህ ጋር ቁጭ በልና በወር ከገቢህ ምን ያህሉን ለዚህ እንደምታውል ተስማሙ። የተስማማችሁት ሲያልቅ መኪናውን ሸራ አልብሰው፣ በሩን ዝጋ፣ የሚቀጥለውን ወር ጠብቅ። ለመኪና ዕቃ ብለህ አትበደር፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል። እሷንም ሥራው ውስጥ አስገባት። መዝገቡን የምትይዝ እሷ ብትሆን፣ መኪናው የቤቱ ልጅ ይሆናል እንጂ የቤቱ ጣውንት አይሆንም።

አሁን ሌሊቱን ሙሉ ወዳባነነኝ ነገር መጣሁ።

በ1970 ዓ.ም. በዚህ በደቡቡ ግንባር የዚል ሾፌር ነበርኩ። በወንዶና በክብረ መንግሥት አድርገን ወደ ነጌሌ ቦረና ስንቅ እንጭን ነበር። አንድ ረዳት ነበረኝ፤ ጢሙ ገና ያላወጣ፣ የይርጋለም አካባቢ ልጅ። ስንቆም ስንነሣ እጁ ሥራ አይፈታም ነበርና፣ አንድ ቀን በሚስማር ከበሩ በውስጥ በኩል ስሙን፣ የአባቱን ስምና ቀኑን ጻፈ። ተቆጣሁት። «የመንግሥት ንብረት ትቧጭራለህ?» አልኩት። ሳቀና «ብሞት ማን ያውቀኛል ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ለራዲያተሩ ውሃ ሊቀዳ ጀሪካን ይዞ ወረደ። አልተመለሰም። ፈለግነው፣ አላገኘነውም፤ ጉዞው ደግሞ መቀጠል ነበረበት።

ከካራማራ ድል በኋላ፣ መኪኖቹ ለጉብኝት እንዲያምሩ ተብሎ ቀለም ታደለን። በብርጭቆ ወረቀት በሩን ፈቅፍቄ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ አለስልሼ ቀባሁት። ስሙ ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆም ማለቱን አስታውሳለሁ። ከዚያ ፈቀፈቅሁት። «አዲስ መሰለ» ተብዬ ተመሰገንኩ።

አምስት ዓመት ቆይቶ እናቱ መጡ። ከልጃቸው ጋር የነበረው እኔ መሆኔን ሰው ነግሯቸው፣ እየጠየቁ ፈልገው አገኙኝ። ጥቁር ነጠላቸውን እንዳደገደጉ ደጄ ላይ ተቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ ምን ትቶ ሄደ?» አሉኝ። መቃብር የለው፣ ልብስ የለው፣ ፎቶ የለው። በዚህ ዓለም ላይ በገዛ እጁ የተወው አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም እኔ በእጄ አጥፍቼዋለሁ። «ምንም አልተወም» አልኳቸው። ስለ በሩ ለመንገር ድፍረት አጣሁ። እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶች፤ መቃብር ለሌለው ሰው ስም ከሁሉ በላይ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ሳትፍቀው አንብበው። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻው መሣሪያህ ይሁን። ፊት በውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ እጠበው። በሩን ከውስጥ፣ የጋቢናውን ጣሪያ፣ የካሶኒውን ጣውላ፣ የመቀመጫውን ጀርባ በመብራት ወደ ጎን አብርተህ እየው፤ ጭረት የሚነበበው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። ስም ታገኛለህ፣ ቀን ታገኛለህ፣ መስቀል ወይም ጨረቃ ታገኛለህ፣ የመንደር ስም ታገኛለህ። ፎቶ አንሣ፣ ጻፍ፣ ባለበት ተወው። ቀለሙ በየንብርብሩ ምን እንደነበረ በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ሳትነካው አስቀር። ዝገቱን ዘይት አስጠጥተህ አስቁመው እንጂ ቁስሉን በስቱኮ አትሙላ። የጥይት ቀዳዳ ካለው አትድፈነው። ካልነበረው ደግሞ ለትርኢት ብለህ አትብሳው። ያልዋለበትን ግንባር ስም በሩ ላይ አትጻፍ።

ስታሳየው ደግሞ ማን እንደሚያይ አስብ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያ መኪና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እህል ጭኖ ከነበረ፣ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ሰው መጥቶ ጎማውን ሊስመው ይችላል። ያው መኪና ግን በሰፈራ ስም ሰው ያለ ፈቃዱ የተጫነበት፣ በብሔራዊ ውትድርና ዘመን ከየመንገዱ የታፈሰ ልጅ የተጫነበትም ሊሆን ይችላል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ስታቆመው፣ ዓሣ ልትበላ የመጣች አንዲት እናት ከሩቅ አይታው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ ካየህ፣ ሙዚቃህን ዝጋ፣ ሂድና ወንበር አቅርብላት። ካወራችህ ስማት። ካላወራችህም አጠገቧ ቁም።

ፎክረህ አታሳየው። «ይህ ያሸነፈ መኪና ነው» አትበል፤ መኪና አያሸንፍም። «ይህን የነዳው ሰው ስሙ ማን ነው?» ብለህ ጀምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1936 መጨረሻና በ1937 መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ነዳጅና ጥይት በጂኤምሲ መኪና ሌት ተቀን ያመላለሱት ሾፌሮች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥቁሮች ነበሩ። ለብዙ ዘመን በየትርኢቱ መኪናው ሲደነቅ እነሱ አይነሡም ነበር። እኛ ይህን ስሕተት አንድገመው። ከመኪናው ጎን አንዲት ሰሌዳ አቁም፤ ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ መካኒኩን፣ ምን ጭኖ የት እንደሄደ፣ ያረጋገጥከውን ብቻ ጻፍበት። ያላረጋገጥከውን ባዶ ተውለት፤ ባዶውን የሚሞላ ሰው ከተመልካቹ መካከል ይመጣል።

ቀኑንም ምረጥ። የካቲት 23 የዓድዋ ቀን ነው፣ የካቲት 26 የካራማራ፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች፤ ለእነዚህ ብታወጣው ወግ ነው። ለፍቼ ጨምበላላ ግን አታውጣው። የሲዳማ አባቶች ከዋክብትን አይተው ቀኑን የሚቆርጡለት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ዓለምም በዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ነው። በእርቅ ቀን የጦር መኪና ማቆም የሠርግ ድንኳን ውስጥ የሐዘን ልብስ እንደመልበስ ነው። የአገሩን ሽማግሌዎች ሳታማክር በዚህ ምድር ላይ ምንም አታሳይ፤ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ።

ልጄ፣ ብዙ ተናገርኩ። ከዚህ ሁሉ የሚከብድህ ማደሱ አይደለም፣ መታገሱ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ፀሐይ ሳይበረታ ግቢህ እመጣለሁ። መፍቻ አታዘጋጅ፤ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪና ደብተር ብቻ አዘጋጅ። ዶሮዎቹንም አስወጣቸው። ከሾፌሩ በኩል ያለውን በር እኔ ራሴ ከውስጥ አጥባለሁ፤ ባትሪውን አንተ ወደ ጎን ታበራልኛለህ። የዚያን ልጅ ስም እዚያ አገኛለሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ያን በር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሌላ እናት ልጅ ስም ቢኖር ግን፣ በዚህ ጊዜ ሳናነበው አናልፍም።

እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ። ፍሬንህ ይያዝልህ። ስምህን የሚያነብልህ አይጥፋ።